የወንድሜ የመኝታ ከረጢት

ጽሑፍ የለመደ እጅ የለኝም። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የመጋዘን ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ብደነቃቀፍ ታገሡኝ። ይህን ነገር ለሰው በአፌ ልናገር ስሞክር መሐል ላይ ድምፄ ይቆረጥብኛል። በወረቀት ሲሆን ግን ቆም ብዬ፣ ተንፍሼ እቀጥላለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ያሬድ የሞተው ባሌ ተራራ ላይ ነው። በብርድ። እኛ ሰፈር፣ አቃቂ፣ ሰው በመኪና ይሞታል፣ በበሽታ ይሞታል። በብርድ ሞተ ሲባል ለቀስተኛው ሁሉ ግራ ገባው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው «ብርድ? የምን ብርድ?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

ያሬድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነበር። በዓል በመጣና እረፍት ባገኘ ቁጥር ቦርሳ በጀርባው አዝሎ ከጓደኛው ከሄኖክ ጋር ተራራ ይወጣል። እናታችን ነገሩ አይገባትም። «ሌላው ሰው ዕቃ ሲሸከም ይከፈለዋል፤ አንተ ከፍለህ ትሸከማለህ» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። ድሮ የሚተኛው በሁለት ብርድ ልብስ ነበር። ለባሌ ግን ሳሪስ ካለ፣ ያገለገለ የውጭ ዕቃ ከሚሸጥ ሳልቫጅ ቤት እውነተኛ የመኝታ ከረጢት ገዛ፤ ሰው እንደ ጆንያ ውስጡ ገብቶ፣ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቶ የሚተኛበት ዓይነት። ላባ የተሞላ ነው። ሄኖክ አብሮት ሄዶ ነው የመረጠለት። ቤት አምጥቶ ሲፈታው ከረጢቱ እንደ ቡሆ ኩፍ አለ።

በዚያ ጉዞ ቀኑን ሙሉ ዘነበባቸው። ርሰው፣ ደክመው ድንኳን ውስጥ ገቡ። ሄኖክ «በረደህ?» ሲለው «ሞቆኛል» አለው። ጠዋት ሄኖክ ስሙን ጠራው። ደግሞ ጠራው።

ከቀብሩ ጀምሮ እናቴ ሄኖክን ሰላም አትለውም። «ልጄን ወስዶ ብቻውን የተመለሰ» ነው የምትለው። በአርባው የያሬድን ልብስ ሁሉ ለድሃ ሰጠች፤ ጫማውንም፣ ቀበቶውንም። ከረጢቱን ግን በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው። አክስቴ «ይኼስ?» ብትላት «እሱ ለሰው አይሰጥም» አለች። ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም። ለመታሰቢያ ያስቀረችው መስሎን ነበር።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ሄኖክ ቃሊቲ፣ የምሠራበት መጋዘን በር ድረስ መጣ።

«ናቲ፣ እዚያው ቦታ ድንጋይ ልናቆምለት ነው። ትመጣለህ?»

ሳላስብ «እመጣለሁ» አልኩት። ከዚያ «ምን ላይ ነው የምተኛው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ተራራ ላይ ሁለት ነገር ነው የሚያስጨንቅህ፤ ሙቀትና ክብደት። የሚሞቀው ይከብድሃል፣ ቀላሉ ያበርድሃል። ሁለቱንም የሚችለው ላባ ነው። የያሬድን ያዝ። ከሱ የተሻለ እዚህ ከተማ አታገኝም።»

«ታዲያ ለምን ሞተ?»

ሄኖክ ጫማውን አየ። «እኔም በየቀኑ እሱን ነው የምጠይቀው» አለኝ።

ለእናቴ ስነግራት ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ግቢው ውስጥ ለዶሮዎቿ ጥሬ እየበተነች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች።

«ያንን ጆንያ አትነካውም። ሌላ ፈልግ። ነጋዴው ይሞቃል አለኝ አትበለኝ። ያ ልጅ ነገረኝ አትበለኝ። ብርድ ውስጥ ራስህ ተኝተህበት፣ አይተህ ና። ያለዚያ ከዚህ ግቢ አትወጣም።»

ሳሪስ፣ ሸምሱ የሚባል የማውቀው የሳልቫጅ ነጋዴ አለ። ከክምሩ ሥር አንድ ወፍራም ሰማያዊ ከረጢት ጎትቶ አወጣልኝ።

«ሸሜ፣ ይሞቃል?»

«ወላሂ ናቲ፣ እዚህ ውስጥ ከተኛህ ጠዋት እንቁላል ፈልፍለህ ነው የምትነሳው።»

«ከባድ ነው'ኮ።»

«ሙቀት ፈልገህ ክብደት ትጠላለህ? ተሸከማ!»

«ላባ ነው?»

«ፋይበር ነው። ላባ ከፈለግክ ትራስ ግዛ።»

ገዛሁት። ልቤ ግን ከያሬድ ከረጢት ጋር ነበር። የሱ ሲጠቀለል አንድ ዳቦ ያክላል። የኔ የተኛ በግ ነው የሚመስለው። ደግሞ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ እሱ በመጨረሻ የተኛበት ውስጥ መተኛት ፈልጌ ነበር። ሄኖክ ልክ ከሆነ፣ ከረጢቱ ጥፋት ከሌለበት፣ ለምን አልይዘውም? ጥፋት ካለበትም ማወቅ አለብኝ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ያ ጥያቄ ነው።

አቃቂ ውስጥ የተራራ ብርድ ከየት ይገኛል? ለኔ ግን ቅርብ ነበር። እኛ መጋዘን ሥጋና ቅቤ የሚቀመጥባቸው ቀዝቃዛ ክፍሎች አሉ። ሠራተኛው «ፍሪጅ» ነው የሚላቸው። የትልቁ ፍሪጅ የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው በሩ እንዳይዘጋበት የፕላስቲክ ሳጥን ይደግፍበታል። ሌላም ደንብ አለ። መብራት ከጠፋ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ማንም ይሁን ማን የፍሪጆቹን በር ቶሎ ይዘጋል። እነዚህ ሁለት ልማዶች አንድ ቀን ይጋጫሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ጠዋት እናቴ ዶሮዎቿ ጋ ሳለች የያሬድን ከረጢት ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ ከሰማያዊው ጋር ይዤ ወጣሁ። ዓርብ የምሳ ሰዓት ረጅም ነው፤ ግማሹ ሠራተኛ ጁምዓ ይሄዳል፣ ሌላው ምሳ ፍለጋ ይወጣል። የሥራ ጓደኛዬን ከድርን በሩ ላይ እንዲቆምልኝ ለመንኩት።

«አብደሃል?» አለኝ። «ፍሪጅ የሚገባው ሬሳ ነው፣ አንተ በቁምህ...» አለና ያሬድ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። «አፉ በለኝ ናቲ።»

«ግድ የለም። ስልኬን ያዝ፣ ሰዓት ቁጠርልኝ። በያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ተኝቼ እወጣለሁ።»

«ከጁምዓ በፊት ትወጣለህ። ሥጋ ሆነህ ብትቀር እኔ አላወርድህም።»

ሳጥኑን በሩ ላይ ደግፎ ውጭ ቆመ። እኔ ጃኬቴን አውልቄ በሸሚዝ ብቻ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ፣ የእንጨት ርብራብ ላይ ተኛሁ። መጀመሪያ የገባሁት የያሬድ ከረጢት ውስጥ ነው። ዚፑን እስከ አገጬ ዘጋሁ። ያሬድን ያሬድን ይሸታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የሸተተኝ በረኪና ነው። እናታችን ቤት ያለ ነገር ሁሉ የሚሸተው ሽታ።

እግሬ ደህና ነው። ደረቴ ላይ ግን ብርዱ ልብስ እንዳልለበስኩ ሆኖ ገባ። ጥቂት ቆይቼ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ሰውነቴ ገና ስላልሞቀ ነው ብዬ ታገሥኩ። ይሞቃል እያልኩ ጠበቅኩ። ጥርሴ መንጋጨት ጀመረ።

መብራቱ ጠፋ።

የማሽኑ ድምፅ አብሮ ሞተ። ያን ድምፅ ሁልጊዜ ስለምንሰማው መኖሩን ረስተነዋል፤ ሲቆም ጆሮዬ የተደፈነ መሰለኝ። ከድር ከውጭ «ናቲ፣ ውጣ! መብራት ሄደ!» ሲል ሰማሁ። «መጣሁ!» አልኩት። ወዲያው አለቃችን ከጓሮ «ከድር! ጄኔሬተር!» እያለ ሲጣራ፣ ከድርም ሲሮጥ ሰማሁ። ዚፑን ጎተትኩት፣ ጨርቁን ነክሶ እምቢ አለ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። በበሩ ክፍተት ቀጭን ብርሃን ይገባል። እሷን እያየሁ ዚፑን ስታገል ሳጥኑ ሲንሸራተት ሰማሁ። ብርሃኗ ጠበበች፣ ጠፋች። በሩ ድም አለ። የውጭው መቀርቀሪያ ተወረወረ።

ዘበኛው ጋሽ ወርቁ ናቸው። ሲያልፉ በሩን ክፍት አይተው በደንቡ መሠረት ዘጉት። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

ዚፑን ቀድጄ ወጣሁ። በእጄ እየዳበስኩ በሩ ጋ ደረስኩና መታሁት፣ ጮህኩ። «ክፈቱ! ሰው አለ! ከድር!» ግድግዳው ወፍራም ነው፣ የገዛ ድምፄ እንኳ ሩቅ ነበር የሚሰማኝ። ማንም አልመጣም። ከድር ጄኔሬተሩ ጋ ነው፣ እኔ የወጣሁ መስሎታል። ከዚያ ወደ መስጊድ ይሄዳል። ስልኬ ኪሱ ውስጥ ነው። ሌላ እዚህ መሆኔን የሚያውቅ ሰው የለም። ጃኬቴ ያለው ውጭ ነው።

ጨለማው ውስጥ ቆሜ ደረቴን እያሸሁ፣ መብራት ጠፍቷልና ክፍሉ ይሞቃል ብዬ አሰብኩ። ግን ሥጋው በረዶ ነው፤ በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ቀኑን ሙሉ ይዞ ይቆያል። ለዚያ እኮ ነው በሩ የሚዘጋው።

ወደ ርብራቡ ተመለስኩ። ከሁለቱ የትኛው ወፍራም እንደሆነ በእጄ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት የያሬድን ነው። ዳሰስኩት። ደረቱ ላይ ምንም የለም፤ ሁለት ስስ ጨርቅ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ። ወደ ታች ወረድኩ። ግርጌው ላይ፣ ጥግ ጥጉ ላይ እንደ ድንች የተድበለበለ ጠጣር ነገር አገኘሁ። ላባው ነው። ሁሉም ቋጠሮ ሆኗል።

ትዝ አለኝ።

ያሬድ ከረጢቱን ገዝቶ የመጣ ቀን እናቴ አፍንጫዋን ያዘች። ሳልቫጅ ሳይታጠብ እኛ ቤት አይገባም፤ የትም ሰፈር ሰው ሳያጥብ አይለብስም። «የሞተ ፈረንጅ የተኛበት ይሆናል» አለች። በትልቁ ሳፋ፣ በፈላ ውሃ፣ በኦሞና በበረኪና ዘፈዘፈችው። በእግሯ ረገጠችው። ከዚያ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን ያሬድ ይዘው ጨመቁት። ያሬድ እየሳቀ «እማዬ፣ ፈረንጁን ሁለተኛ ገደልሽው'ኮ!» አላት። ሲደርቅ ጠቀለለውና «አያችሁ? ይበልጥ አነሰችልኝ፣ ቀለለችልኝ» ብሎ ደስ አለው።

ይበልጥ አነሰችልኝ።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆሜ የተሰማኝን መጻፍ አልችልም። ሞክሬያለሁ። እንዲሁ ልለፈው።

መንቀጥቀጤ ሲብስ ሰውነቴ አነቃኝ። የያሬድን ከረጢት ርብራቡ ላይ አነጠፍኩት፣ ሰማያዊው ውስጥ ገባሁ። ጣቴ ዚፑን መያዝ ስላቃተው በጥርሴ ጎተትኩት። ጭንቅላቴንም ሸፈንኩ። ጊዜው ስንት እንደሄደ አላውቅም። ጉልበቴን አቅፌ እየተንቀጠቀጥኩ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ ከዚህ ብወጣ ይህን ለማን ነው የምናገረው? ለሄኖክ ብነግረው እፎይ ይላል፤ ዓመት ሙሉ የተሸከመው ሸክም ይወርድለታል። ግን የሚወርደው እናቴ ላይ ነው።

ከዚያ ሞቀኝ።

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ጊዜ የለም። ከብርዱ ይልቅ ሙቀቱን ፈራሁት። ያሬድም «ሞቆኛል» ብሎ ነው የተኛው። ሰው በብርድ ሊሞት ሲል ይሞቀዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። ይኼ የከረጢቱ ሙቀት ነው ወይስ የያሬድ ሙቀት? እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ጉንጬን በውስጥ ነከስኩት። ስሜን ጮክ ብዬ ጠራሁ። የቤታችንን ዶሮዎች በየቀለማቸው ጠራኋቸው። የእግሬን ጣቶች ለማንቀሳቀስ ሞከርኩ፣ የሉም። ደግሞ ሞከርኩ። ከብዙ ትግል በኋላ አውራ ጣቴ ላይ መርፌ የመሰለ ነገር ተሰማኝ። ከዚያ ሁሉም ጣቶቼ ማቃጠል፣ መውጋት ጀመሩ። ሕመሙ እንባ አስመጣብኝ። ተመስገን አልኩ። የሚሞት እግር አያምም።

ስወጋ፣ ሳለቅስ፣ ሲሞቀኝ ቆይቼ መቀርቀሪያው ጮኸ። ብርሃን ገባ። ከድር ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲ ቆሟል።

«ናቲ! ናቲ! አለህ?»

«አለሁ።»

«ያ አላህ!» አለና በሩ ላይ ቁጭ አለ። ለቢሮው ብቻ የሚበቃውን ጄኔሬተር አስነስቶ በቀጥታ ወደ መስጊድ ነበር የሮጠው። ሰግዶ ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ስልክ ጠራ። ሲያየው የኔ ስልክ ነው። «ስልኩ እኔ ጋ ካለ አንተ የት ነህ? ከወጣህ ለምን ስልክህን አልጠየቅከኝም?» ጫማውን ሳያጠልቅ አስፋልቱን አቋርጦ መጣ።

የደወለችው እናቴ ናት።

ሻይ አጠጡኝ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ። ጋሽ ወርቁ ራሳቸውን ይዘው «እኔ አሮጌው! በልጅ ላይ በር ዘጋሁ!» እያሉ ዞሩብኝ። «ጋሽዬ፣ እርስዎ ደንቡን ነው የጠበቁት» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ማንም ክፉ አላደረገም። እናቴም።

ቤት ስደርስ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ፌስታል መጉደሉን አይታ ነው የደወለችው።

«የት ወሰድከው?»

«ብርድ ውስጥ ተኝተህበት ና አላልሽኝም? ሥራ ቦታ ፍሪጅ ውስጥ ሞከርኩት። ሁለቱንም።» በሩ የተዘጋብኝን አልነገርኳትም።

ሰማያዊውን ከእጄ ወሰደች። ይዛው ወደ ሳፋው ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሄደችም። ጨመቅ፣ ለቀቅ አደረገችው።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ፋይበር ይሉታል። ጥጥ ነገር ነው።»

«ላባ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ውሃ ቢነካውስ?»

ደነገጥኩ። ፊቷን አየሁት። «ምንም አይሆን። ከፈለግሽ እጠቢው» አልኳት።

እናቴ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አነሳች። ከዚያ ዶሮዎቹን እያየች፣ ለኔ ሳይሆን ለነሱ እንደምትነግር ሆና ቀጠለች። «ባለፈው ዝናብ ቀይዋ ዶሮ ውጭ ስትደበደብ ዋለች። ሳገኛት ላባዋ ተጣብቆ ሥጋዋ ይታያል፣ ትንቀጠቀጣለች። ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ላባዋን ስዳስሰው... እጄ ያንን ነገር ያውቀዋል። ገብቼ የወንድምህን ጆንያ ዳሰስኩት።»

«እማዬ...»

«መጀመሪያ እንኳ ከሐዘኔ ብዛት ነው ያስቀመጥኩት። ኋላ ግን ለድሃ ልስጠው ብል፣ የሚተኛበት የሰው ልጅ ነው። ላቃጥለው ብል እጄ እምቢ አለ።» ዞራ አየችኝ። «አንተም ዛሬ ዳሰስከው። ፊትህ ላይ አለ። አትዋሸኝ።»

ያን ቃሏን እንደ ፍሪጁ ጨለማ ፈራሁት። «ሙሉ ቀን ዘንቦባቸዋል» አልኳት። «ደክመው ነበር። ከፍታው አለ። ከነልብሳቸው ርሰው ነው የገቡት።»

«ሌላስ?»

«የእጥበቱም እጅ አለበት።»

እንደዚያ ብዬ ስናገር እናቴ የምትወድቅ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አልወደቀችም። ትንፋሿን ለቀቀችው፣ ረጅም ትንፋሽ። «አለበት» አለች። «እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አብሬያት አለቀስኩ። ስታበቃ ዓይኗን ጠርጋ አንድ ነገር አዘዘችኝ።

«ያንን ልጅ ጥራልኝ።»

«የቱን?»

«ሄኖክን። ዓመት ሙሉ ሰላም የነሳሁትን።»

እሁድ መጣ። ምን እንደተነጋገሩ አልጽፍም፤ የነሱ ነው። ሲወጣ ግን እናቴ እስከ ግቢው በር ሸኘችው፣ አንገቱንም ስማዋለች። ሰማያዊውን ከረጢት በማግስቱ አጠብነው። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ጨመቅነው። ሲደርቅ መልሶ ኩፍ እስኪል ድረስ ሁለታችንም ገመዱ ሥር ቆመን ጠበቅን። ይህን ጽሑፍም ሳልልክ በፊት አንብቤላታለሁ። «ይሁን፣ ላከው» ብላኛለች።

ከዚያ ቀን በፊት በያሬድ ሞት ጥፋተኛ እፈልግ ነበር። ባገኝ የሚቀለኝ ይመስለኝ ነበር። እናንተም ሰው ሞቶባችሁ «ማን ነው? ምንድን ነው?» እያላችሁ የምትብሰከሰኩ ካላችሁ፣ መልሱ አንዳንዴ በፍቅር የታጠበ ጨርቅ ሊሆን እንደሚችል ልንገራችሁ ብዬ ነው። ያን ጊዜ መልሱን የያዘውን ሰው ብቻውን አትተዉት። እናቴ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ብቻዋን ነበረች፣ እኔ ደግሞ አጠገቧ ነበርኩ። ተራራ የምትወጡ ካላችሁ ደግሞ ለዕቃችሁ ሙቀቱንና ክብደቱን ብቻ አትጠይቁ፤ ከረጢት ሳትጠቀልሉ በፊት በእጃችሁ ዳብሱት። በድንገት ትንሽ ከሆነላችሁ አትደሰቱ።

ባሌ ወጣን። ያ ሰማያዊ በግ ትከሻዬን ላጠው፤ ሄኖክ «ይኼን ከምትሸከም አልጋውን ራሱን አታመጣም ነበር?» እያለ ሳቀብኝ። ድንጋዩን አቆምን። ከሄኖክ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ፣ ያሬድ በነበረበት በኩል ተኛሁ። ውጭ ሣሩ በረዶ ለብሶ አደረ።

ሊነጋጋ ሲል ነቃሁ። ሞቆኝ ነበር፣ ጣቶቼንም አንቀሳቀስኩ፣ ነበሩ። ከጎኔ የሄኖክን ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ጠራኝ።

«ናቲ?»

«አለሁ።»

ጥቂት ቆየና ደግሞ ጠራኝ።

«ናቲ?»

«አለሁ አልኩህ እኮ፣ ሄኖክ። አለሁ።»